ደወሉን የጠላ ሰው

በመምህርነቴ ዘመን የትምህርት ቤቱን ደወል የሚጠሉ ልጆች ብዙ ነበሩ። ከሕግ ያመለጠ ሰው ነጻ የወጣ ይመስላቸው ነበር። ወጣት አንባቢዎች ሆይ፥ እንዲህ ለሚያስብ ሰው የአሜሪካን የሞተር ብስክሌት ሽፍቶች ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል።

እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1948 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ «ሄልስ ኤንጅልስ»፥ ማለት የሲኦል መላእክት፥ የሚባል ማኅበር ተመሠረተ። በ1957 ዓ.ም. ሳኒ ባርገር የሚባል የ18 ዓመት ጎበዝ ከጓደኞቹ ጋራ በኦክላንድ ከተማ ቅርንጫፍ አቋቋመ፤ ኋላም አለቃቸው ሆነ።

እነዚህ ሰዎች የአገሩን ሕግ ቢንቁም ያለ ሕግ አልኖሩም። አለቃ፥ ምክትል፥ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ፤ ሥርዓት አስከባሪም ይሾማሉ። አዲስ ገቢ ሞተር እየጠበቀና እየተላላከ ብዙ ጊዜ ይፈተናል፤ ከዚያም ድምፅ ይሰጡበታል። በጀርባው የሚለብሰው ምልክት እንኳ የማኅበሩ ነውና ሲወጣ ይመልሳል። እነሆ፥ ደወሉን የሸሸው ሰው ከደወል ለበረታ ጌታ አደረ።

በመካከላቸው ታማኝነት የለም አልልም፤ አለ። ነገር ግን ታማኝነታቸው ደም መመለስን ግዴታ አደረገባቸው። በ1986 ዓ.ም. አንድ ባልንጀራቸው በተቀናቃኝ ማኅበር ሰዎች ስለ ተገደለ፥ በፈንጂ ለመበቀል አሲሯል ተብሎ በ1988 ዓ.ም. ባርገር ተፈረደበትና ለዓመታት ታሰረ። በ2022 ዓ.ም. በ83 ዓመቱ ሞተ።

ልጆቼ፤ ድፍረትና ወዳጅነት መልካም ፈረሶች ናቸው። ቢሆንም ፈረሱን ከማድነቃችሁ በፊት ልጓሙን የያዘው ማን እንደ ሆነ፥ መንገዱም ወዴት እንደሚያደርስ ጠይቁ።