ካዛንቺስን ማን ይጻፋት?

የካዛንቺስ ስም ከየት መጣ ብትሉን አናመነታም፤ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው «ካዜ ኢንቺስ» ከሚባሉት ቤቶች ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ጠጅ ጥለው፣ ምግብ ቤት ከፍተው፣ ልጅ አስተምረው ሰፈሩን ሰፈር ያደረጉት ሴቶችስ እነማን ናቸው ብትሉን ግን ዝም እንላለን።

ዊኪፒዲያም ከእኛ አይሻልም። እ.ኤ.አ. በ2001 ማንም እንዲጽፍበት ተከፈተ፤ በ2011 በተደረገ ጥናት ግን ከአርታኢዎቹ መካከል ሴቶች ከመቶ 10 እንኳ አልሞሉም። ዶና ስትሪክላንድ በ2018 የፊዚክስ ኖቤል ስትሸለም በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ገጽ አልነበራትም። ከወራት በፊት የቀረበው ረቂቅ በቂ ምንጭ አላሳየም ተብሎ ተመልሶ ነበር።

ደንቡ የታተመ ምንጭ ይጠይቃል። ተገቢ ነው። ግን የካዛንቺስን ሴቶች ማን አሳተማቸው? በ2017 ዓ.ም. ብዙው ሰፈር ለኮሪደር ልማት ፈረሰ፤ ምንጭ የሚሆኑን እናቶች ወደየአቅጣጫው ተበተኑ።

እንግዲህ ሥራው ከኢንተርኔቱ በፊት ይጀምራል። እናቶቻችንን እናፈላልግ፤ ቃላቸውን እንቅዳ፤ እናሳትም። ጸሐፊዎቹም አርታኢዎቹም ሴቶች ይሁኑበት። አለዚያ ከካዛንቺስ የሚተርፈን ጣሊያን የተወልን ስም ብቻ ነው።