ባክቴሪያ በሌለበት ፀረ ባክቴሪያ፦ ከፕሪዮን በሽታዎች መድኃኒት ፍለጋ ታሪክ



የሕክምና ታሪክ ብዙውን ጊዜ የድል ታሪክ ሆኖ ይጻፋል። የፔኒሲሊንን ግኝትና የፈንጣጣን መጥፋት ያልተማረ በመካከላችን የለም። እኔ ዛሬ የምተርክላችሁ ግን ስላልተሳካ ሙከራ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ሕክምና መሥራት አለመሥራቱን እንዴት እናውቃለን የሚለውን ጥያቄ ከብዙ ድሎች ይልቅ ይህ ሙከራ አጥርቶ ያሳየናል ብዬ አምናለሁ።

መድኃኒቱ ዶክሲሳይክሊን ነው። ለአገራችን ሐኪም እንግዳ አይደለም፤ ለተስቦና ለግርሻ ይታዘዛል። የቅርብ ዘመዱ ቴትራሳይክሊንም በዓይን ቅባትነቱ ትራኮማ ባለበት ገጠር ሁሉ ይታወቃል። ታዲያ ባክቴሪያን ለመግታት የተሠራ መድኃኒት፣ ባክቴሪያም ቫይረስም በሌለበት በሽታ ላይ ለምን ተሞከረ? ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

በሽታውን በማስተዋወቅ ልጀምር። በ1920 እና በ1921 ክሮይትስፌልትና ያኮብ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ሐኪሞች፣ አእምሮንና የሰውነት እንቅስቃሴን በፍጥነት የሚያውክ ሕመም ዘገቡ። ዛሬ በስማቸው የሚጠራው በሽታ በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን ሰዎች አንድ ወይም ሁለት ሰው ይይዛል፤ አብዛኞቹም ምልክቱ በታየ በአንድ ዓመት ውስጥ ይሞታሉ። በ1957 ጋይዱሴክና ዚጋስ በፓፑዋ ኒው ጊኒ፣ በፎሬ ሕዝብ ዘንድ ኩሩ የሚባለውን ገዳይ በሽታ ለዓለም አስተዋወቁ። በ1959 ሃድሎ የተባለ የእንስሳት ሐኪም ኩሩ ስክሬፒ ከሚባለው የበጎች በሽታ ጋር እንደሚመሳሰል አመለከተ። በ1966 ኩሩ ወደ ቺምፓንዚዎች መተላለፉ ተረጋገጠ። ስለዚህ በሽታው ተላላፊ ነው፤ ግን አስተላላፊው ምንድን ነው?

በ1967 ቲክቫ አልፐርና ባልደረቦቿ የስክሬፒ አስተላላፊ፣ የዘር ቅንጣት ያለውን ማንኛውንም ተሐዋሲ ሊያጠፋ በሚገባው ጨረር እንደማይጠፋ አሳዩ። በ1982 ስታንሊ ፕሩሲነር አስተላላፊው ፕሮቲን ነው ሲል «ፕሪዮን» የሚለውን ስም አወጣለት። በዚህ አስተሳሰብ መሠረት በሰውነታችን ውስጥ ያለ ጤናማ ፕሮቲን ቅርጹ ይዛባል፤ የተዛባውም ጤናማውን እያዛባ ይሄዳል። ሐሳቡ ብርቱ ተቃውሞ ቢገጥመውም፣ ፕሩሲነር በ1997 የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት።

የመድኃኒቱ ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ነው። የሚገደል ሕያው ነገር ከሌለ መድኃኒት ምን ይሠራል? መልሱ የመጣው ከመግደል ሐሳብ በመውጣት ነው፤ መድኃኒቱ ከተዛባው ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ መከማቸቱን ሊያግድ ይችል ይሆናል። በ1987 ፖኪያሪና ባልደረቦቹ አምፎተሪሲን ቢ የተባለው ፀረ ፈንገስ በሃምስተሮች ላይ የስክሬፒን መገለጥ እንደሚያዘገይ ዘገቡ። በ1997 በሚላኖ የታሊያቪኒ ቡድን ከነቀርሳ መድኃኒቶች ወገን የሆነ ንጥረ ነገር ተመሳሳይ ውጤት እንዳለው አሳየ። ያ ንጥረ ነገር ግን መርዛማ ነበር። ተመራማሪዎቹ በቅርጹ የሚመስለውን፣ ጉዳቱ ግን አነስተኛ የሆነውን ሲፈልጉ ቴትራሳይክሊኖችን አገኙ። ፀረ ባክቴሪያው የተመረጠው ባክቴሪያን ስለሚገታ ሳይሆን በሞለኪዩሉ ቅርጽ ምክንያት ነበር ማለት ነው።

በ2002 የወጣው ጥናታቸው ተስፋ ሰጪ ነበር። በሽታ አስተላላፊው የአንጎል ፈሳሽ ከዶክሲሳይክሊን ጋር ከቆየ በኋላ ለሃምስተሮች ሲሰጥ በሽታው ዘገየ፤ አንዳንዶቹም ጭራሽ ሳይታመሙ ቀሩ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ መድኃኒቱና ፕሪዮኑ የተገናኙት ወደ ሰውነት ከመግባታቸው በፊት ነው። ሐኪም ዘንድ የሚመጣው ሰው ግን አንጎሉ አስቀድሞ የተጎዳ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው አውሮፓ በተጨነቀችበት ወቅት ነበር። በ1996 የብሪታንያ መንግሥት የከብቶቹ በሽታ ወደ ሰው ሳይተላለፍ እንዳልቀረ አስታውቋል። በ2001 ኩዊናክሪን የተባለ የቆየ የወባ መድኃኒት በሴል ደረጃ ፕሪዮንን እንደሚገታ ሲዘገብ፣ መድኃኒቱ ወዲያው ለታማሚዎች መሰጠት ጀመረ። ብሪታንያም ጥናት አዘጋጀች፤ ታማሚዎችና ቤተሰቦቻቸው መድኃኒቱን መውሰድን፣ አለመውሰድን ወይም በዕጣ መመደብን እንዲመርጡ ተፈቀደ። ከ107 ተሳታፊዎች ዕጣውን የመረጡት 2 ብቻ ነበሩ። ለሞት በቀረበ ወገኑ ላይ ዕጣ መጣል የማይከብደው ማን አለ?

በ2009 የወጣው ውጤት ግን ትምህርት ነው። መድኃኒቱን የመረጡት ካልመረጡት ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ኖረዋል። ነገሩ ሲመረመር ግን መጀመሪያውኑ በሽታቸው ያልጠናባቸው ሆነው ተገኙ። ይህ ልዩነት ሲታሰብ የመድኃኒቱ ጥቅም ጠፋ። ዕድሜ ያረዘመ የመሰለው መድኃኒት፣ የታማሚዎቹን የመነሻ ሁኔታ ብቻ ያሳየ ነበር።

የዶክሲሳይክሊን ታሪክም በዚሁ መንገድ ሊሄድ ይችል ነበር። በጣሊያን መድኃኒቱ ሌላ አማራጭ ለሌላቸው ሰዎች ሲሰጥ፣ ቀደም ሲል ሳይታከሙ ከሞቱት ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ የኖሩ ይመስል ነበር። ይሁን እንጂ የዛሬን ታማሚ ከትናንቱ ጋር ማነጻጸር አሳሳች ነው፤ ምርመራ በተሻሻለ ቁጥር በሽታው ቀድሞ ይታወቃል፤ ቀድሞ የታወቀ በሽታ ደግሞ ያለ ምንም መድኃኒት ረጅም መስሎ ይታያል። ስለዚህ የጣሊያንና የፈረንሳይ ሐኪሞች ከባዱን መንገድ መረጡ። ከ2007 እስከ 2012 ድረስ 121 ታማሚዎችን መዘገቡ፤ በዕጣ 62ቱ በቀን 100 ሚሊ ግራም ዶክሲሳይክሊን፣ 59ኙ ማስመሰያ መድኃኒት እንዲወስዱ ሆነ። ማን ምን እንደሚወስድ ሐኪሙም ታማሚውም አያውቁም ነበር። የመጀመሪያው ግምገማ መድኃኒቱ ብልጫ እንደሌለው ስላሳየ ሙከራው ቆመ። በ2014 በታተመው ውጤት በሁለቱ ቡድኖች ዕድሜ መካከል ልዩነት አልተገኘም።

ለሚሞት ሰው ማስመሰያ መስጠት ጭካኔ አይደለምን? ጥያቄው ተገቢ ነው። የእኔ መልስ ግን አይደለም የሚል ነው። ያ ቡድን ባይኖር ኖሮ፣ ከዚያ በኋላ የሚታመም ሰው ሁሉ የመጨረሻ ወራቱን ፍሬ በሌለው ተስፋ ያሳልፍ፣ ተመራማሪዎችም ሌላ መንገድ ከመፈለግ ይዘናጉ ነበር። ማስመሰያውን የወሰዱት ታማሚዎች ለማያውቋቸው ሰዎች ውለታ ውለዋል።

ውጤቱ አንድ ጥያቄ ሳይዘጋ ተወ፦ መድኃኒቱ የዘገየ ብቻ ቢሆንስ? በ2012 በጣሊያን፣ በትሬቪዞ የተጀመረው ጥናት የተነሣው ከዚህ ነው። በቬኔቶ አካባቢ በዘር የሚተላለፍ፣ እንቅልፍ ነሥቶ የሚገድል የፕሪዮን በሽታ ያለበት ቤተሰብ አለ። ዕቅዱ ዕድሜያቸው ከ42 ዓመት ያለፈ 10 የዘር ለውጡ ተሸካሚዎች ለ10 ዓመት ዶክሲሳይክሊን እንዲወስዱ፣ ተሸካሚ ያልሆኑ ዘመዶቻቸውም ማስመሰያ እንዲወስዱ ነበር። ማስመሰያው እዚህ ሌላ ሥራ ነበረው፤ ሁሉም ክኒን ስለሚወስድ ማንም ዕጣ ፈንታውን ሳይፈልግ አያውቅም ነበር።

አሥር ሰዎችን ግን ለሁለት ከፍሎ ማነጻጸር አይቻልም። ስለዚህ ማነጻጸሪያው የቤተሰቡ ያለፈ ታሪክ ሆነ፤ ማን በስንት ዓመቱ ታመመ፣ በስንት ዓመቱ ሞተ የሚለው መዝገብ። ከታሪክ ጋር ማነጻጸር ያሳስታል ስል ቆይቼ አሁን ይህን መጥቀሴ ተቃርኖ ሊመስላችሁ ይችላል። ልዩነቱ ግን በመዝገቡ ጥራት ላይ ነው። እዚህ የዘር ለውጡ አንድ ነው፤ ቤተሰቡም አንድ ነው፤ የሚቆጠረውም በሽታው የሚገለጥበት ዕድሜ እንጂ ሐኪሙ በሽታውን የለየበት ቀን አይደለም። እንዲያም ሆኖ ማስረጃው በዕጣ የተገኘውን ያህል ሊጸና አይችልም።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ በሆስፒታልም ሆነ በቤተ ሙከራ «ይህ መድኃኒት አድኗል» የሚል ወሬ ስትሰሙ፣ መጀመሪያ «ከማን ጋር ሲነጻጸር?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው የታማሚውን ተስፋ የሚያጨልም ሊመስል ይችላል፤ ተስፋው ግን እውነተኛ የሚሆነው ይህን ጥያቄ ሲያልፍ ነው።