ከካርድ ክፍሏ መስኮት እስከ ኮምፒውተሩ

የዛሬው ረዘም ይላል፣ ሻይ ይዛችሁ አንብቡ። ስለ ካርድ ክፍል ታሪክ ነው። አዎ፣ ሐኪም ቤት ስንገባ መጀመሪያ ስለምንሰለፍባት መስኮት።

እኛ ሐረሮች ለመዝገብ እንግዳ አይደለንም። አሚሮቹ የመሬት ሽያጩንና ግብሩን በአረብኛ መዝገብ ያስይዙ ነበር። ዘመናዊ ሕክምናም ቢሆን በበራችን ነው ያለፈው፤ ከአድዋ በኋላ በ1888 ዓ.ም. የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት ሐረር ላይ ቆይቷል። የበሽተኛ መዝገብ ግን ሌላ ጣጣ አለው። መሬት ቦታውን አይለቅም። በሽተኛ ግን ዛሬ ጁገል ሆስፒታል፣ ነገ ሕይወት ፋና፣ ከነገ ወዲያ ድሬዳዋ ነው። ካርዱ እዚያው መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

አገራችን ወደ ኮምፒውተር መዝገብ የገባችው በዋናነት በኤችአይቪ በኩል ነው። መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። ጉንፋን የያዘው አንዴ መጥቶ ይሄዳል፤ ይሄኛው ዕድሜ ልኩን ይመላለሳል። ማን ቀረ፣ ማን መድኃኒት ቀየረ የሚለውን በወረቀት መከታተል ከባድ ነው። የእርዳታ ገንዘብ የሚሰጡትም በየጊዜው ሪፖርት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ስማርት ኬር የሚባል ሲስተም መጣ። መነሻው ዛምቢያ ነው፤ እዚያ የታሰበው በሽተኛው ታሪኩን ቺፕ ባለው ካርድ ኪሱ ከቶ እንዲዞር ነበር። እኛ ጋ የአሜሪካው ቱሌን ዩኒቨርሲቲ ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ጋር ሆኖ አስገባው። ድሬዳዋም ቀደም ብለው ከሞከሩት ከተሞች አንዷ ነበረች።

ከዚያስ? እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት አምስት ሆስፒታሎችን አይቶ፣ ከባለሙያዎቹ የሚበዙት በሲስተሙ እንዳልረኩ ጽፏል። አይገርመኝም። ነርሷ በወረቀት ትጽፋለች፣ ያንኑ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ትደግማለች። አቦ፣ ይሄ ሥራ ማቅለል ነው ማብዛት? መብራት ሲጠፋ ተመልሶ ወረቀት ነው። ሰዎች «ባለሙያው ቴክኖሎጂ ይፈራል» ሲሉ እበሳጫለሁ። ሁለት ጊዜ የሚያስጽፍህን ነገር ማን ይወዳል?

ለእኛ ከተማ ደግሞ ዋናው ፈተና ስም ነው። በፈላና በር በኩል ከገጠር የሚገባውን ሰው አስቡት። አህመድ መሀመድ አህመድ ስንት ነው? ዕድሜ ሲጠየቅ «ሠላሳ ይሆናል» ነው መልሱ፣ የቤት ቁጥር የለም። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ መሀመድን አንዱ በኦ፣ ሌላው በዩ፣ ሦስተኛው በኤ ይጽፈዋል። ኮምፒውተሩ ፈልጎ ያጣዋል፣ አዲስ ካርድ ይወጣል። ፔኒሲሊን እንደማይስማማው የተጻፈው ግን በአሮጌው ካርድ ላይ ነው። አሁን የፋይዳ ቁጥር ይሄን ይፈታል ይባላል። ሊፈታ ይችላል፤ ራሱን ስቶ የመጣ ሰው ግን ቁጥሩን አይነግርህም።

በነገራችን ላይ፣ ብዙ ሰው ከዲኤችአይኤስ 2 ጋር ያምታታዋል። እሱ የሚቆጥረው ድምር ነው፤ በዚህ ወር ስንት ወባ፣ ስንት ወሊድ። አንተን በስም አያውቅህም።

ሌላው ሚስጥር ነው። ትንሽ ከተማ ነን፣ ሁሉም ይተዋወቃል። ሰው እንዳያየው ብሎ ሌላ ከተማ ሄዶ መድኃኒት የሚወስድ እንዳለ እናውቃለን። የወረቀት ካርድን ማን ገልጦ እንዳነበበው አይታወቅም። ኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ባለሙያ የራሱ የይለፍ ቃል ካለው ማን እንደከፈተው ይመዘግባል። አንዱን የይለፍ ቃል ለአምስት ከተጠቀሙበት ግን ከወረቀቱ አይሻልም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321 በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የጤና መረጃን ለብቻው ጥብቅ ጥበቃ የሚሻ ብሎ መድቦታል። አዋጁን ካርድ ክፍሎች በር ላይ ለጥፈው ባየሁ ደስ ይለኛል።

ለተማሪዎቼ ላሳያቸው ስለምፈልግ፣ እቤታችሁ የእናት የአባቶቻችሁ አሮጌ የሐኪም ቤት መታወቂያ ካርድ ያላችሁ ፎቶ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ስሙንና ቁጥሩን በጣታችሁ ሸፍናችሁ አንሱት።