ከጋራዥ ወጥቶ የሚፈላ ሞተር

ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ተብሎ በየትምህርት ቤቱ የሚነገረው ነገር ለአዲስ አበባ አይሠራም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች ክፍት ድስት ላይ የተጣደ ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይንፈቀፈቃል። ባቄላና ሽንብራ እስኪበስሉ ድረስ ባለቤቲቱን የሚያሰለቹት በዚህ ምክንያት ነው። የብዙ አሮጌ መኪኖች ጣጣም ከዚሁ ቁጥር ይጀምራል። የአንድ ጤነኛ ሞተር የሥራ ሙቀት ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ነውና። ደሴት ላይ ወይም ወደብ ከተማ ውስጥ እንደ ልቡ የሚሄድ መኪና አዲስ አበባ ሲመጣ በሥራ ሙቀቱና በመፍላት መካከል ያለው ርቀት ይጠፋበታል።

ይህን በደንብ የሚያውቁት ጎፋ ውስጥ ናቸው። ከጎፋ ማዞሪያ እስከ ጎፋ ገብርኤል፣ ከዚያም ወደ መብራት ኃይል በሚወስዱት ቅያሶች ኮፈኑን ከፍቶ የቆመ መኪና የማይታይበት ቀን የለም። ከሚሰሙት አቤቱታዎች ሁሉ አንዱ ግን ለየት ይላል፦ ቴስታታው ወርዶ ተልጓል፣ ጓርኒሲዮኑ ተቀይሯል፣ የውሃ ፖምፓው አዲስ ነው፣ ራዲያተሩ ታጥቧል፤ መኪናው ግን ወደ ቄራ ሽቅብ ሲል ይፈላል። ከመጠገኑ በፊት እንዲህ አልነበረም። ባለቤቱ መካኒኩን ይከሳል፣ መካኒኩ ዕቃውን፣ ዕቃ ሻጩ ደግሞ ውሃውን። ጠቡ አዲስ ቢመስልም ታሪክ አለው።

ወደ አዲስ አበባ በሞተር ኃይል የገባው የመጀመሪያው መኪና በ1900 ዓ.ም. ለአፄ ምኒልክ የመጣው ነው። ያመጣው ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ ዛሬ ባለጠጎች የሚነዱትን የዚያን ስም መኪና ፋብሪካ ካቋቋመው ሰው ጋር መምታታት የለበትም፤ ያ ሌላ ሰው ነው። መኪናው ሲድሊ ይባል ነበር። በዚያን ጊዜ የባቡሩ ሐዲድ ከድሬዳዋ አላለፈም፣ መንገድ የሚባል ነገርም አልነበረም፤ የነበረው የቅፍለት መሄጃ ነው። የዚያ ዘመን ራዲያተር ግፊት የማይዝ ስለነበር ውሃው ከአየሩ እኩል ይተነፍሳል፤ ቆላው ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላ የነበረው ደጋ ሲወጣ በ92 ይፈላል። ብዙም ሳይቆይ ሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊ ሁለተኛውን መኪና ይዞ መጣ። ሁለቱም የተፈተኑት ዳገትና ቀጭን አየር በአንድነት በሚገናኙበት አገር ነው፤ ይህ ደግሞ ለሞተር ከሁሉ የከፋው ጥምረት ነው።

መኪና ብርቅ መሆኑ የቀረው በጣሊያን ወረራ አምስት ዓመታት ነው። መንገዱና የጭነት መኪናው የመጡት ለጦርነት ቢሆንም፣ ከድል በኋላ ጠላት ሲወጣ ብዙ ጣሊያናዊ መካኒኮች፣ ቶርኖ ሠራተኞችና ባለጋራዦች እዚሁ ቀሩ። ቁልፍ አቀባይ ሆነው አጠገባቸው የቆሙት የአገሬው ልጆች ሙያውን ከነቋንቋው ወረሱ። ዛሬ ጎፋ ውስጥ ጣሊያንኛ አንድ ዓረፍተ ነገር የማያውቅ ወጣት ቀኑን ሙሉ ጣሊያንኛ ሲያወራ ይውላል፦ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ፒስቶን፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፖምፓ፣ ቺንጋ፣ ሞላ፣ ላሜራ፣ ጎሚስታ። ቃላቱ እንደ ውርስ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ አልፈዋል። ከቃላቱ ጋር መተላለፍ የነበረበት ሌላ ነገር ግን በከፊል ብቻ ነው የተላለፈው፤ እሱም መለካት ነው። ልጁ ጌታው ሲፈታና ሲገጥም አየ እንጂ ለምን ይህን ያህል እንደሚያጠብቅ፣ ለምን የቴስታታ ቡሎን ከመሃል ተጀምሮ ወደ ዳር በተራ እንደሚጠበቅ ሁልጊዜ አልተነገረውም። ጌታውም መናገር አይወድም ነበር፤ ሙያ የሚያካፍል ደንበኛም ያካፍላል የሚል ስጋት ነበረበት።

ቀጥሎ የመጣው የሰይቼንቶ ዘመን ነው። ፊያት 600 በአውሮፓውያን 1955 ተሠርቶ ወጣና ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአዲስ አበባ ታክሲ ሆነ። ሞተሩ ከኋላ፣ ራዲያተሩም እዚያው ከሞተሩ ጎን ነው፤ ንፋስ ፊት ለፊት አያገኘውም። ሙሉ ሰው ጭኖ ዳገት ሲወጣ የሚሆነውን መገመት አያስቸግርም። የሚገርመው ግን በዚያው ጊዜ አባርት የተባለው የጣሊያን ቤት ይህንኑ ትንሽ መኪና የውድድር መኪና አድርጎት አውሮፓን ያስጨንቅ ነበር። የአባርት ሰይቼንቶ ሲወዳደር የኋላ ኮፈኑ ተከፍቶ በብረት ዘንግ ተደግፎ ይታያል፤ ለአየር ቅርጹም ይጠቅማል፣ ሙቀቱንም ያስወጣል። በኋላ የመጡት ሞዴሎች ራዲያተራቸው ከነጭራሹ ወደ አፍንጫው ተዛወረ። የሰይቼንቶ በሽታ የተፈጥሮው እንደነበረ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ስለ ታክሲ ሲነሳ የ1966ቱን የካቲት አለማንሳት አይቻልም። የዓለም የነዳጅ ቀውስ አዲስ አበባ ሲደርስ መንግሥት የቤንዚን ዋጋ በ50 በመቶ ከፍ አደረገ፤ የካቲት 11 ቀን የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ በቀናት ውስጥ ዋጋው ተቀነሰ፤ ዘውዱ ግን ዓመቱ ሳያልቅ ወደቀ ለማለት የቀሩት ቀናት ብቻ ነበሩ። ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ተማሪውና ስለ ወታደሩ ብዙ ጽፈዋል። የእነዚያ ነጂዎች ኑሮ ግን በሊትር ቤንዚንና በሞተር ዕድሜ የሚለካ ነበር፤ አንዴ የፈላ ሞተር የወር ገቢ ይበላል።

በሰይቼንቶ የተማረረ ወደ ቮልስ ዞረ። ቮልስ ውሃ የለውም፣ ራዲያተር የለውም፣ ስለዚህ አይፈላም ተባለ። እውነት ነው፣ አይፈላም፤ ይነዳል እንጂ። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር አዲስ አበባ ላይ የሚያገኘው አየር ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ የቀጠነ ነው። መርሴዲስ የማይደፍረውን ጭቃ የሚደፍረው ቮልስ፣ የስፖርት መኪናው ፖርሼ 911 ዘመድ ነው፤ 911ም እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ በአየር ሲቀዘቅዝ ኖሯል። ሁለቱም አንድ ድክመት አላቸው፦ አየሩን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚመሩት ላሜራዎች። ሞተሩ ወርዶ ሲሠራ ከእነዚህ ቀጫጭን ላሜራዎች ሁለቱ ሦስቱ «ትርፍ» ተብለው ጥግ ይጣላሉ። በሞተሩ ዙሪያ ያለው ጎማም ተበጣጥሶ ከሆነ አይተካም። ከዚያ ፋኑ የሚስበው ሞተሩ ራሱ ያሞቀውን አየር ይሆናል። ሦስተኛው ሲሊንደር ደግሞ በአሮጌዎቹ ቮልሶች ከሌሎቹ በፊት ይቃጠላል፤ የዘይት ማቀዝቀዣው አየሩ የሚያልፍበት ላይ ስለተገጠመ ድርሻውን ይሻማዋል። አዲስ ፒስቶን የገባለት ቮልስ ስድስት ወር ሳይሞላው ሲነድ ጥፋቱ የፒስቶኑ ሳይሆን ጥግ የተጣለው ላሜራ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

በደርግ ዘመን የነገሠው ላዳ ነው። ላዳ በመሠረቱ ፊያት 124 ነው፤ ሶቪየቶች ከፊያት ጋር በአውሮፓውያን 1966 ተዋውለው ፋብሪካውን በቶልያቲ ከተማ ተከሉ፣ ቆርቆሮውን አወፈሩ፣ ሞተሩን በራሳቸው አሻሻሉ። የዚሁ 124 ሌላኛው ወንድም ባለሁለት በሩ ስፖርት ስፓይደር ሲሆን፣ በ1972 የአውሮፓን የራሊ ሻምፒዮና አሸንፏል። ስለዚህ ሰማያዊና ነጭ የተቀባው የአዲስ አበባ ላዳ ከአንድ የተከበረ የስፖርት መኪና ጋር ወንድማማች ነው ማለት ውሸት አይደለም። በማቀዝቀዣ ረገድ ደግሞ ሁለቱም የሚጋሩት አንድ ነገር አለ፤ ከጥገና በኋላ ለሚመጣው መፍላት ዋናው ተጠያቂም እሱ ነው።

ተርሞስታቱ ማለት ነው።

በብዙ ጋራዦች ተርሞስታት «ለበረዶ አገር የተሠራ» ተብሎ ይወጣና ይጣላል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ውሃውን የሚያግድ በር ከተነሳ ውሃው እንደ ልብ ይዘዋወራል፣ ሞተሩም ይቀዘቅዛል። ነገር ግን በላዳና በፊያት 124 ላይ ተርሞስታቱ በር ብቻ ሳይሆን ሁለት መንገድ ያለው መስቀለኛ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውሃውን በአቋራጭ ወደ ፖምፓው ይመልሰዋል፤ ሲሞቅ ደግሞ አቋራጩን ዘግቶ ወደ ራዲያተሩ ይሰደዋል። ውስጡ ሲወጣ አቋራጩ ለዘለዓለም ክፍት ይቀራል። ውሃ እንደ ሰው ነው፣ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል፤ አብዛኛው ራዲያተሩን ሳያይ የሞቀውን ይዞ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። እንግዲህ ለማቀዝቀዝ የተደረገው ነገር ራሱ ያፈላል ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ብዙ መሄዱ፣ ቤንዚን መጨመሩ፣ ፒስቶኑ ቶሎ መበላቱ ከዚያ ላይ የሚመረቅ ነው። ይህ ልማድ ለአርባና ለሃምሳ ዓመት ከጌታ ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል፤ ማንም ደግሞ የሚጠይቅ አልነበረም፣ ምክንያቱም በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ለጊዜው የሚሠራ ይመስላል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። በመኪና ረገድ በሽታውን የሚደብቀው ብዙ ጊዜ ችኮላው ነው። ጥሩዎቹ የጎፋ ባለሙያዎች፣ አሉና፣ ቁልፍ ከማንሳታቸው በፊት አንድ ነገር ይጠይቃሉ፦ የሚፈላው ቆሞ ነው ወይስ እየሄደ? ትራፊክ መብራት ላይ ቆሞ የሚፈላ መኪና የአየር ችግር አለበት፤ ፋኑ አይዞርም፣ ቺንጋው ላልቷል፣ ወይም ኤሌክትሪክ ፋኑ ሽቦው ተገላብጦ ወደ ፊት ይነፋል። በፍጥነትና በዳገት የሚፈላ ግን የውሃ ችግር አለበት፤ ራዲያተሩ በደለል ተዘግቷል፣ ወይም የታችኛው ጎማ በፖምፓው ስበት ይጣበቃል። ይህ ጥያቄ ብቻ ግማሹን ዕቃ ከመግዛት ያድናል።

ከዚያ ክዳኑ ይታያል። ሰው የሚንቀው ይህን ነው። ክዳኑ ውስጥ ያለችው ሞላና ጎሚኒ ግፊቱን ወደ 0.9 ባር ካደረሱት ውሃው በአዲስ አበባ ከፍታ እንኳ ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይደርስ አይፈላም። ጎሚኒዋ ከደረቀች ግን ወደ 92 ተመለስን፤ የአፄ ምኒልክ መኪና ሆነ ማለት ነው። በመቶ ሺህ ብር የተሠራ ሞተር በአንዲት ክዳን ምክንያት ጋራዥ ሲመላለስ ይኖራል።

ከጥገና በኋላ በተለይ የሚፈተሸው አየር ነው። ውሃው ፈስሶ ሲሞላ አየር ቴስታታው ውስጥ ይታፈናል፤ አየር ባለበት ውሃ የለም፣ እዚያ ያለው ብረት ብቻውን ይነዳል። መድኃኒቱ የመኪናውን አፍንጫ ዳገት ላይ ማቆም፣ የማሞቂያውን መስመር መክፈትና ቀስ ብሎ መሙላት ነው። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ እያለ ተነስቶ ራዲያተሩ አፍ ላይ አረፋ ሳያቋርጥ የሚወጣ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የሚቃጠለው ጋዝ በጓርኒሲዮኑ በኩል ወደ ውሃው እየገባ ነው። ዘይቱ ቡና በወተት ከመሰለ ደግሞ ክርክሩ አብቅቷል። ጓርኒሲዮን ተገልብጦ በመግጠሙ የውሃ ቀዳዳ የሚደፈንበት፣ ተደጋግሞ የተላገ ቴስታታ መጭመቂያውን አብዝቶ ራሱ ሙቀት የሚፈጥርበት፣ ስፒንትሮጀኖው ዘግይቶ በመታሰሩ እሳቱ ወደ ጭስ ማውጫው የሚሸሽበት ጊዜም አለ። አንዳንዴ ጭራሽ የሚዋሸው ጌጁ ነው፤ የተቀየረው ሴንሰር ለሌላ መኪና የተሠራ ይሆንና በ85 ዲግሪ ያለውን ሞተር ቀይ ላይ ያደርሰዋል። ቴርሞሜትር ይህን በሁለት ደቂቃ ይለያል።

ለከተማው ተስተካክሎ ዓባይ በረሃ ሲወርድ የሚፈላው ደግሞ ሌላ ነው። ካርቦራተሩ ለቀጭኑ አየር ተብሎ ቤንዚኑ ተቀንሶለት ከሆነ፣ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ሲወርድ አየሩ ይወፍርበታል፤ ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ ይበልጥ ይሞቃል፤ ከዚያ ወደ ደጀን ዳገቱ ይጠብቀዋል። እዚያ መሃል ቆሞ የሚፈላ ራዲያተር የሚከፍት ሰው ፊቱን ይቃጠላል፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈስ ደግሞ ቴስታታውን ይሰነጥቃል።

ይህ ሁሉ የድሮ ጨዋታ ይመስላል፤ አይደለም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። ሁለቱም ውሳኔዎች የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ የነዳጅ ወጪው ቀላል አይደለም። ሕጉ የሚያየው ግን በር ላይ ያለውን መኪና ነው። ግቢ ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና በሕጉ ምክንያት ዋጋው ጨመረ፣ ዕድሜው እንዲረዝም ተፈረደበት፣ የሚጠግነው ሰው ግን ትናንት በሚያውቀው እንዲቀጥል ተተወ። ላዳ የሠራ እጅ ዛሬ ቪትዝና ኮሮላ ይሠራል፤ ተርሞስታቱንም እንደ ልማዱ ያወጣል፤ አዲሶቹ ሞተሮች ደግሞ ኮምፒውተራቸው ሙቀት አልደረሰም ብሎ ቤንዚን ይጨምራል።

የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን ከዚህ ነፃ አይደለም። በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ባትሪ ያለው መኪና ኮፈኑ ሲከፈት ራዲያተር፣ ፖምፓና የፈሳሽ ዕቃ አለው፤ ፈሳሹ ሲቀየርም አየሩን ማስወጣት ግድ ነው። በአንዳንዶቹ ሞዴሎች ይህን የሚያደርገው የአምራቹ ኮምፒውተር እንጂ ዳገት ላይ የቆመ አፍንጫ አይደለም። ጎፋ ውስጥ ያ ኮምፒውተር ያላቸው ጋራዦች ገና በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።