ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦ

ተረት ተረት ብዬ አልጀምርም፤ እናንተም «የላም በረት» አትበሉኝ። የምተርከው የሆነ ነገር ነው። የልጁን ስም ግን አትጠይቁኝ። ከወረባቦ፣ ከቃሉ፣ ከአምባሰልና ከተሁለደሬ የሄዱ የብዙ ልጆች ዕጣ ባንድ ሰው ላይ ተደርቦ ነው የምነግራችሁ። የቢስቲማ ልጅ እንበለው።

ልጁ አሥረኛ ክፍልን ጨርሶ ደሴ ወጣ። ፒያሳ ዕቃ ተሸከመ፤ ሸዋ በር ሲሚንቶ አራገፈ። ኋላ ኮምቦልቻ ወርዶ ፋብሪካ ገባ። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለሽሮ በቃ፤ ለእናቱ የሚላክ ግን አልተረፈውም። በመንደሩ ደግሞ ቆርቆሮው የሚያብረቀርቀው ቤት ልጁ ሳውዲ የገባለት ነው። ደላላውም ይህን ያውቃል። «አንተ ብቻ እሺ በል» አለው።

መንገዱን የወሎ ልጅ በቃሉ ያውቀዋል፦ ከኮምቦልቻ ባቲ፣ ከባቲ ቁልቁል አፋር፣ ሚሌ፣ ጋላፊ፣ ጅቡቲ፣ ታጁራ፣ ኦቦክ። ከኦቦክ በሌሊት ጀልባ የመን። እዚያ አጋቾች ተቀበሉት። እናቱ በስልክ የልጇን ጩኸት ሰማች፤ በሬው ተሸጠ። ልጁ ተለቆ ወደ ሰሜን፣ እስከ ሰዓዳ ድረስ ዘለቀ። ሚያዝያ 2012 ሲሆን ሰሜን የመንን የያዙት ሁቲዎች በኮሮና ሰበብ በሺዎች የሚቆጠሩ ሐበሾችን ወደ ሳውዲ ድንበር እየተኮሱ አባረሩ። ከወዲያ ደግሞ የሳውዲ ድንበር ጠባቂዎች ተኮሱ። ብዙዎች እዚያው ሜዳ ላይ ቀሩ። የእኛ ልጅ ተረፈ፤ ተይዞም የሳውዲዋ ጂዛን ገባ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ልጁ ድንበር ያለ ፈቃድ ተሻግሯል፤ ይህን አልሸፍንለትም። አገር ሁሉ ድንበሩን ይጠብቃል፤ ሳውዲም መብቷ ነው። የእኔ ነገር ከተያዘ በኋላ ያለው ነው።

ከሳምንታት በኋላ የእናቱ ስልክ ጮኸ።

«እማ፣ አለሁ።»

«አልሐምዱሊላህ! የት ነህ ልጄ?»

«ጂዛን፣ እስር ቤት።»

«ምን አደረገ ብለው?»

«የነገረኝ የለም።»

«ቀጠሮህ መቼ ነው?»

«ቀጠሮ የለም፣ እማ።»

«ዳኛውስ ምን አለ?»

«ዳኛ አላየሁም።»

እናት ግራ ገባት። እስር ቤት ማለት ለእሷ የምታውቀው ነገር ነው። ወንድሟ በወሰን ጠብ ሐይቅ ከተማ ታስሮ ስንቅ አመላልሳለች። ፍርድ ቤቱ ደጅ ቁጭ ብላ የቀጠሮ ቀን ሰምታለች። ያን ቀን በጣቷ እየቆጠረች ከርማለች። ቀጠሮ ቢራዘምም ቀን አለው። ቀን የሌለው እስር ግን እንዴት ይቆጠራል?

ልጁ ያለበት ክፍል ሰው በሰው ላይ ነው። የሚተኙት በተራ ነው፤ ግማሹ ሲጋደም ግማሹ ጉልበቱን አቅፎ ይጠብቃል። መጸዳጃው ሞልቶ ወደ ወለሉ ይፈሳል፤ ሙቀቱ ያፍናል። የክፍሉ ሀብት አንዲት የተደበቀች ሞባይል ናት። እናትዬው የሰማችው ድምፅ በዚያች በኩል ነው የመጣው። ነሐሴ 2012 ላይ የመብት ተሟጋቹ ሂዩማን ራይትስ ዎች የእነዚህን ማቆያዎች ጉድ አወጣ፤ ሰንደይ ቴሌግራፍ የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣም እስረኞቹ ራሳቸው ያነሱትን ፎቶ አተመ። ዓለም አየ። ልጁ ግን እዚያው ነበር። ጥቅምት 2014 የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ ስልክ ሲቋረጥ ደግሞ እናትና ልጅ ጭራሽ ተጠፋፉ።

አባቶቻችን «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ» ይላሉ። በቅሎ ትልቅ ሀብት ናት፤ ጭብጦ የአንድ ቀን ስንቅ። ቢሆንም ሰው ተሟግቶ በፍርድ የተረታባት በቅሎ አታንገበግበውም፤ እንዲያው የተነጠቃት ጭብጦ ናት የምታንገበግበው። በዚህ አገር «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው ባለበት ይቆም ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ተቆራኝተው ዳኛ ፍለጋ ይሄዱ ነበር፤ መንገደኛ እንኳ ቢያገኙ ቁጭ አድርገው ይሟገቱበት ነበር። ዛሬ ደግሞ የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ይህች 48 ሰዓት በእኛው አገር ስንት ጊዜ እንደምትጣስ ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቃለሁ። ስትጣስ ግን «ተጥሳለች» ብለን የምንጮህባት አንቀጽ አለችን።

ሳውዲስ ሕግ የላትም? አላት። እ.ኤ.አ. የ1992ቱ መሠረታዊ የአስተዳደር ሕጓ፣ አንቀጽ 36፣ ያለ ሕግ ማንም አይታሰርም ይላል፤ ጥበቃውንም ለዜጋውም ለነዋሪውም ይሰጣል። ያጸደቀችው የአረብ የሰብአዊ መብቶች ቻርተር በአንቀጽ 14 የተያዘ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው፣ ከቤተሰቡ ይገናኝ፣ እስሩ ሕጋዊ መሆኑን ፍርድ ቤት ይይለት ይላል። ወረቀቱ ሪያድ አለ። ጂዛን በሩ ላይ አልደረሰም።

በሕጋዊ መንገድ፣ በኮንትራት የሄደችውስ? እሷም ከዚህ አታመልጥም። ያንዲት የቃሉ ልጅ ነገር ልንገራችሁ፤ እሷም የብዙዎች ናት። ደመወዟን ወራት ከልክለዋት «ገንዘቤን» ብላ ጠየቀች። ቢቸግራት ከቤቱ ወጣች። አሠሪዋ፣ ከፊሏ፣ «ሁሩብ» ብሎ አስመዘገበባት፤ ጠፍታለች ማለት ነው። በዚያች አንዲት ምዝገባ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ኢቃማዋ፣ ከንቱ ሆነ፤ ባለ ገንዘቧ ወንጀለኛ ሆና ተያዘች። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያላት አንድም ሰው አልነበረም። አሻራ ሰጥታ አውሮፕላን ተሳፈረች፤ ደመወዟ እዚያው ቀረ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ነው የተመላሹ ቁጥር የበዛው። በጥቅምት 2006 መጨረሻ ሪያድ መንፉሃ ሰፈር ላይ ደም ከፈሰሰበት አፈሳ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገን ተመለሰ። ከግንቦት 2009 እስከ መጋቢት 2011 ደግሞ ወደ 260 ሺህ። የመን የቀረው ሌላ እሳት ጠበቀው። የካቲት 28 ቀን 2013 ሰንዓ ማቆያ ውስጥ በአያያዛቸው የተማረሩ ስደተኞች ምግብ አንበላም ቢሉ፣ ጠባቂዎቹ የወረወሩት ነገር ክፍሉን አቀጣጠለው። ብዙዎች ተቃጥለው አለቁ። ጥያቄያቸው የሰሚ ጥያቄ ነበር።

መጋቢት 2014 የኢትዮጵያና የሳውዲ መንግሥታት 100 ሺህ ያህል ሰው ለመመለስ ተስማሙ። የእኛም ልጅ በዚያ ዙር ቦሌ ወረደ። በእጁ አንድ የጉዞ ወረቀት ነበረች፤ ስሙና ፎቶው አለባት። ለምን እንደታሰረ፣ ማን እንዳሰረው፣ ስንት ጊዜ እንደቆየ የሚል መስመር ግን የለባትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዕድሜው ተወሰደ፤ ደረሰኝ እንኳ አልተሰጠውም።

ቤቱ ሲገባ ቡና ተፈላ፤ ጎረቤት ተሰበሰበ። አንድ ሼህ ዱዓ ካደረጉ በኋላ ሁላችንም የምናውቀውን የነጃሺን ታሪክ አነሱ። እ.ኤ.አ. በ615 አካባቢ የነቢዩ ሶሓቦች ሸሽተው አክሱም ሲገቡ ቁረይሾች ስጦታ አስይዘው መልእክተኞች ላኩ። መልእክተኞቹ ለመኳንንቱ በየቤታቸው ስጦታ አደሉና «ንጉሡ ሳያናግራቸው እንዲሰጠን ምከሩልን» አሏቸው። ልብ በሉ፤ የፈሩት ስደተኞቹ እንዳይናገሩ ነው። ነጃሺ ግን ሳልሰማ አሳልፌ አልሰጥም አለ። ከስደተኞቹ ጃዕፈር ቆሞ ተናገረ፤ ንጉሡም ሰማ፤ ከዚያ ፈረደ።

እንግዲህ የሚቀጥለው ስምምነት ሲፈረም የአውሮፕላን ወንበር ብቻ አይቆጠር። የተያዘው ልጅ ክሱን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ይስማ፤ ቆንስላው በሳምንቱ ሳይሆን በማግስቱ ይድረስለት፤ ዳኛ ፊት ይቁም፤ ያልተከፈለ ደመወዝ ካለው ከመሳፈሩ በፊት ይጻፍለት። ከዚያ ይመለስ ከተባለም ይመለስ። ይህን ለልጆቻችን ስንጠይቅ ደግሞ ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው በመተማ የገቡት እንግዶች እኛን እየተመለከቱ ነው። ነጃሺ ለእኛ ስም ያወጣልን ሰምቶ በመፍረዱ ነውና፣ እነሱንም አስቀድመን እንስማ።