በመቆሚያው ሥር የሚጻፈው ስም

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ በፋሽጋ ደቡባዊ ጎረቤት በመተማ የዘኪ ቱማልን ጦር ገጠሙ። ሠራዊታቸው የእሾህ አጥሩን ጥሶ ቢገባም፣ ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ሲወድቁ ተበተነ፤ የተቃረበው ድል ሽንፈት ሆነ።

የታሪክ ውጊያዎችን በጠረጴዛ ላይ የሚጫወቱ ሰዎች እንዲህ ያለውን ቀን በጣት በሚያካክሉ የብረትና የፕላስቲክ ወታደሮች ይደግሙታል። ወታደሮቹ በቀጭን መቆሚያ ላይ ይለጠፋሉ፤ በአንድ መቆሚያ ላይ አራት ተጠጋግተው ከቆሙ ጥቅጥቅ ያለ ሰልፍ፣ ሁለት ተራርቀው ከቆሙ ተበታትኖ የሚዋጋ ጦር ማለት ነው። በሣጥን ውስጥ እንዳይናወጡና የያዙት ጦር እንዳይታጠፍ ከመቆሚያው ሥር ማግኔት ይለጠፋል። የየክፍሉ ስምም እዚያው ይጻፋል።

ክርክሩ የሚጀምረው ከዚህ ስም ነው። እንግሊዞች «ደርቪሽ»፣ እኛም «ድርቡሽ» ያልናቸውን ሰዎች መሪያቸው ማህዲ «አንሳር» እንዲባሉ አዝዞ ነበር። መተማ ያልነውን ውጊያም ሱዳኖች የገላባት ይሉታል። የቀድሞ ሠዓሊዎቻችን ወገንን በሙሉ ፊት፣ ጠላትን በአንድ ዓይን በጎን ይሥሉ ነበር፤ ከጀግናው ራስ በላይም ስሙን ይጽፉ ነበር። ስም መስጠትም እንደ አሣሣሉ ወገን መምረጥ ነው።

ስለዚህ ይህን ሠራዊት የሚያዘጋጅ ሰው በአንዱ ወገን መቆሚያ ሥር «መተማ፣ 1881 ዓ.ም.»፣ በሌላው ሥር «ገላባት፣ 1306 ዓመተ ሒጅራ» ብሎ ይጻፍ። ወሰኑ ለረጅም ዘመን ባከራከረ ምድር፣ ሁለቱንም ስሞች በአንድ ሣጥን ማኖር ለሁለቱም ወገን ሙታን የሚገባ ክብር ነው።