ሕፃን ሲያለቅስ ማን ይሰማዋል? ከሞርፊን ሽሮፕ እስከ አንቀልባ

ዛሬ ስለ ፖለቲካ አልጽፍም። ምናልባት ደግሞ ጽፌ ይሆናል፤ አንብባችሁ ስትጨርሱ እናንተው ፍረዱ። (ዓ.ም ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ፣ በአሜሪካና በእንግሊዝ በሚገኙ ስመ ጥር ሆስፒታሎች ሳይቀር፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ቀዶ ጥገና ሲደረግላቸው ለብዙዎቹ የሚሰጠው የሕመም ማስታገሻ እጅግ ጥቂት ነበር። ጭራሽ ያልተሰጣቸውም ነበሩ። የማይቀረው ጡንቻን የሚያሽመደምደው መድኃኒት ነው። እሱን የወሰደ ሕፃን ደረቱ ሲከፈት አይንቀሳቀስም፤ አያለቅስምም።

ሐኪሞቹ ጨካኞች አልነበሩም። ሁለት ምክንያት ነበራቸው። አንደኛው ማደንዘዣው ራሱ ያችን ሚጢጢ ነፍስ ይገድላታል የሚል ፍርሃት ነው። ሁለተኛው ደግሞ የአራስ ልጅ ነርቭ ገና ስላልበሰለ ሕመም አይሰማውም የሚል፣ ከመምህራኖቻቸው የወረሱት እምነት ነው። አንዲት አሜሪካዊት እናት ልጇ በዚህ ዓይነት ቀዶ ጥገና ካለፈ በኋላ ሞተባት። ማስታገሻ እንዳልተሰጠው ያወቀችው ዘግይታ ነው። ታሪኳን ለጋዜጦች ጽፋ አደባባይ አወጣችው። በ1987 ደግሞ በኦክስፎርድ ይሠራ የነበረው የሕንድ ተወላጅ ሐኪም ካንዋልጂት አናንድና ባልደረቦቹ የጥናታቸውን ውጤት አሳተሙ፦ ጠንካራ ማስታገሻ ያገኙት ሕፃናት ሰውነታቸው በጭንቀት ያነሰ ይናወጣል፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላም የሚደርስባቸው ችግር ያንሳል። የዚያኑ ዓመት የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ለሕፃናትም ማስታገሻ እንዲሰጥ አቋሙን አሳወቀ።

እኔን የያዘኝ ጥያቄ ይሄ ነው። የተማረ፣ ልጅ የወለደ፣ በየቀኑ የሕፃን ለቅሶ የሚሰማ ሰው፣ ያ ለቅሶ ምንም አይናገርም ብሎ እንዴት ሊያምን ቻለ? መልሱ የሚጀምረው ከሆስፒታል ሳይሆን ከፋብሪካ ነው።

ማንኪያው

በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ የጥጥ ፋብሪካዎች እናቶችን ሲወስዱ ጨቅላዎቹ ከጎረቤት አሮጊት ወይም ከትንሽ ልጅ ጋር ይቀሩ ጀመር። አንዲት ጠባቂ ብዙ ሕፃናት ትይዛለች። ሁሉም ቢያለቅሱ ምን ታደርጋለች? «ጎድፍሬይስ ኮርዲያል» የሚባል ኦፒየም ያለበት ጣፋጭ ሽሮፕ ከየሱቁ በርካሽ ይገዛል። አንድ ማንኪያ ይበቃል። ሕፃኑ ይተኛል፤ የሚተኛ ሕፃን ግን አይጠባም። ስንቱ በመድኃኒቱ፣ ስንቱ በረሃብ እንደሞተ በወቅቱ ለመለየት አስቸጋሪ ነበር።

አሜሪካም የራሷን አመጣች። በ1849 ሜይን ግዛት፣ ባንጎር ከተማ ውስጥ «የወይዘሮ ዊንስሎው ማስታገሻ ሽሮፕ» ገበያ ላይ ዋለ። ማስታወቂያው ላይ ያማረች እናትና ደስተኛ ልጅ አሉ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ሞርፊን ነው። የ1906ቱ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ሕግ አምራቾች እንዲህ ያሉ አደገኛ ነገሮችን በምልክቱ ላይ እንዲጽፉ አስገደደ። በ1911 የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ሽሮፑን «ሕፃናት ገዳይ» ከሚላቸው መካከል መደበው። ከገበያ ሙሉ በሙሉ የጠፋው ግን 1930 አካባቢ ነው።

እነዚያን እናቶች መኮነን ቀላል ነው። ደመወዟን ካላመጣች ልጇ የሚራብባት ሴት ግን ምርጫዋ ስንት ነበር?

ሰዓቱ

ኦፒየሙ ሲነወር ቦታውን የወሰደው ሰዓት ነው። ሉተር ኤመት ሆልት የኒው ዮርክ ሕፃናት ሆስፒታል ሐኪም ነበር። በ1894 ለሞግዚቶች ማሠልጠኛ ብሎ በጥያቄና መልስ ያዘጋጃት ትንሽ መጽሐፍ የአሜሪካ እናቶች የልጅ አስተዳደግ መመሪያ ሆነች። ሆልት ተራ ሰው አልነበረም። የከተማ ሕፃናት በተበከለ ወተት በሚረግፉበት ዘመን ስለ ንጹሕ ወተት የታገለ፣ ብዙ ነፍስ ያዳነ ሐኪም ነው። ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ስለ ወተት ትክክል ስለነበረ ስለ ለቅሶም ታመነ። በቀን ከአሥራ አምስት እስከ ሠላሳ ደቂቃ ማልቀስ ለሕፃኑ ስፖርት ነው፤ ሳንባውን ያሰፋለታል አለ። በልማድ የሚያለቅሰውን ደግሞ ሰዓትም ሁለት ሰዓትም ቢፈጅ እስኪወጣለት ተዉት አለ።

ሐሳቡ የመንግሥትም ሆነ። የአሜሪካ ፌዴራል የሕፃናት ቢሮ በ1914 ባሳተመው መመሪያ ላይ ወላጆች ከሕፃን ጋር ባይጫወቱ ይሻላል የሚል ምክር ነበር። በኒውዚላንድ ትሩቢ ኪንግ ጡት በየአራት ሰዓቱ ብቻ እንዲሰጥ ያስተምር ነበር። በ1928 ደግሞ ሥነ ልቦናዊው ጆን ዋትሰን መጣ። አትቀፏቸው፣ አትሳሟቸው፣ ጭናችሁ ላይ አታስቀምጧቸው። ካልቻላችሁ ማታ ግንባራቸውን አንድ ጊዜ ሳሙና ጠዋት እጃቸውን ጨብጡ። ይህን ሲጽፍ ዋትሰን ዩኒቨርሲቲውን ለቆ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ይሠራ ነበር።

ልብ በሉ፤ ጊዜው ሠራተኛ በፉጨት የሚገባበትና በፉጨት የሚወጣበት ነው። ሕፃኑም ለዚያ ዓለም እንዲመች ነበር የሚሠለጥነው። ለቅሶው መልእክት መሆኑ ቀርቶ የዲሲፕሊን ጉድለት ሆነ። ለቅሶ «ስፖርት» ነው ብሎ ባደገ ትውልድ መካከል፣ የሚያለቅስ ሕፃን አይታመምም የሚል ሐኪም ቢገኝ የሚያስገርም አይመስለኝም።

እቅፉ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ መዞር ጀመረ። በ1946 ቤንጃሚን ስፖክ እናቶችን በራሳችሁ ተማመኑ፣ ልጃችሁን መውደድ አያበላሸውም የሚል መጽሐፍ አወጣ። በሚሊዮኖች ተሸጠ።

ለእኔ ትልቁ ምዕራፍ ግን የተጻፈው እዚሁ አህጉራችን ላይ ነው። በ1954 ሜሪ ኤንስዎርዝ የባሏን ሥራ ተከትላ ኡጋንዳ ገባች። ካምፓላ አካባቢ ባሉ መንደሮች ከቤት ቤት እየዞረች የጋንዳ እናቶችና ሕፃናት አብረው ሲውሉ ተመለከተች። ያየችውን ይዛ በኋላ አሜሪካ፣ ባልቲሞር ውስጥ 26 ሕፃናትን ዓመት ሙሉ ቤታቸው ድረስ እየሄደች ተከታተለች። እሷና ሲልቪያ ቤል በ1972 ያወጡት ውጤት የሆልትን ትምህርት ገለበጠው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቶሎ የተደረሰላቸው ሕፃናት ዓመት ሲጠጋቸው የሚያለቅሱት ያነሰ ነበር። ጥናቱን የተቃወሙ ባለሙያዎች አሉ፤ ክርክሩም ለዓመታት ቀጥሏል።

ሌላው ጥያቄ ደግሞ ነበር። ምንም ሳይጎድለው የሚያለቅሰውስ? የቦስተኑ ሐኪም ቤሪ ብራዝልተን በ1962 የ80 ሕፃናትን ለቅሶ እናቶቻቸው በየቀኑ እንዲመዘግቡ አድርጎ አንድ መስመር አገኘ። ለቅሶው ከተወለዱ በኋላ እየጨመረ ሄዶ ስድስተኛው ሳምንት ላይ ጫፍ ይደርሳል፤ በቀን ወደ ሁለት ሰዓት ከሦስት ሩብ። ከዚያ ይወርዳል። ምሽት ላይ ይብሳል። በካላሃሪ በረሃ ልጆቻቸውን ቀኑን ሙሉ ከገላቸው የማይለዩት የሳን ሕዝቦች ጋርም ሲጠና ያው መውጣትና መውረድ ተገኘ። ሕፃናቱ የሚያለቅሱበት ድግግሞሽ ከምዕራባውያኑ ልጆች ብዙ አይለይም። የሚለየው ርዝመቱ ነው፤ ግማሽ ያህል ብቻ ነበር።

በ1986 ኡርስ ሁንዚከርና ሮናልድ ባር ይህንኑ ሞንትሪያል ላይ ፈተኑት። 99 እናቶችን ለሁለት ከፈሉ። አንዱ ቡድን ሕፃኑ ባያለቅስም እንኳ በቀን ተጨማሪ ሰዓት እንዲሸከም ተደረገ። በስድስተኛው ሳምንት የእነዚህ ልጆች ለቅሶ 43 በመቶ ቀነሰ፤ ምሽት ላይ 51 በመቶ። ግን ባር ራሱ በ1991 ሌላም ነገር አሳየ። «ኮሊክ» የሚባለው ከባድ ለቅሶ አስቀድሞ በጀመራቸው ሕፃናት ላይ ተጨማሪ መሸከም ለውጥ አላመጣም። አንዳንድ ለቅሶ መፍትሔ የለውም። ያልፋል እንጂ።

እኛስ?

እዚህ ላይ አንባቢዬ «ይህን እኮ አያቴ ታውቀዋለች» እንደሚል እጠብቃለሁ። ልክ ነው። አንቀልባ የሚባለው የቆዳ ማዘያ፣ ከተማ ውስጥ ደግሞ ነጠላ፣ የሞንትሪያሉን ሙከራ ለስንት ትውልድ ሲሠራ ኖሯል። ልጁ ጀርባ ላይ ነው፤ እናት ቡና ትወቅጣለች፤ «እሹሩሩ» ትላለች፤ ልጁ በትንፋሿ ምት ይተኛል። የጃፓኗ ተመራማሪ ኩሚ ኩሮዳና ባልደረቦቿ ደግሞ በ2022 ምክሩን በደቂቃ ለክተው አቀረቡት። የሚያለቅሰውን ልጅ ይዞ አምስት ደቂቃ ያህል መራመድ፣ ሲተኛ ከአምስት እስከ ስምንት ደቂቃ ይዞት ተቀምጦ መቆየት፣ ከዚያ ማስተኛት።

ግን ራሳችንን አናሞካሽ። እኛም በለቅሶ የማናምንበት የራሳችን መንገድ ነበረን። ስንት ልጅ አለቀሰ፣ አልጠባ አለ ተብሎ እንጥሉ ተቆረጠ! ስንቱ ቅቤ ዋጠ! የ1996 ዓ.ም የወንጀል ሕጋችን እንጥል መቁረጥንና ቅቤ ማስዋጥን ከጎጂ ልማዶች መካከል ስማቸውን ጠርቶ የዘረዘረው በከንቱ አይደለም። አያቶቻችን ስለ ማዘል ትክክል መሆናቸው ስለ ምላጩ ትክክል አያደርጋቸውም። የሆልት ስህተት የእኛም ሊሆን ይችላል።

ከአያቶቻችን የወረስነው ትልቁ ነገር ግን የተረሳው ይመስለኛል። አራስ ብቻዋን አትተውም። ጎረቤት ገንፎ ይዞ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል፤ እናቷ ወይም እህቷ አጠገቧ ትተኛለች፤ ልጁ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። በኦርቶዶክሱ ቤት ይህ ለወንድ ልጅ እስከ አርባ፣ ለሴት ልጅ እስከ ሰማንያ ቀን፣ ክርስትና እስኪነሳ ነው። ብራዝልተን ያገኘው የለቅሶ ጫፍ ስንተኛው ቀን ላይ ነው? ስድስተኛው ሳምንት፤ አርባ ሁለተኛው ቀን። ሥርዓቱ ለዚህ ተብሎ የወጣ ነው አልልም። እናቲቱ ግን በጣም በሚከብዳት ወቅት ሰው ነበራት።

አሁን ወደ ዛሬዋ አዲስ አበባ እንምጣ። እናት ክፍለ ሀገር ናት፤ እህት ዱባይ ወይም ቤሩት የሰው ልጅ ታሳድጋለች፤ የራሷን ለአያቱ ትታ። ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ሴትና አንድ የሚያለቅስ ሕፃን አሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ይሰጣል። ለአባት የሚሰጠው ሦስት ቀን ነው። ሦስት! ለቅሶው ጫፍ የሚደርሰው በአርባ ሁለተኛው ነው። እናት ሥራ ስትመለስ ልጁን ጀርባዋ ላይ የምታዝለው የቤት ሠራተኛ ደግሞ፣ ሥራዋ የግል አገልግሎት ስለሚባል፣ አዋጁ ከነጭራሹ አይመለከታትም። የእሷ ልጅ ሲያለቅስ ማን እንደሚያዝለው የሚጠይቅ የለም።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ሌሊት ልጅ ታቅፎ ለሚያነብ ሰው የምለው አለኝ። መጀመሪያ ረሃቡን፣ ዳይፐሩን፣ ሙቀቱን እዩ። ሦስት ወር ያልሞላው ልጅ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ አልጠባ ካለ ወይም ለቅሶው ከወትሮው የተለየ ከሆነባችሁ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ሂዱ። ደህና ከሆነ እዘሉት፤ ተራመዱ። ሐኪም ያላዘዘውን ማንኛውንም ማስተኛ ሽሮፕ አትስጡት። አቅማችሁ አልቆ እጃችሁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ልጁን አልጋው ላይ በጀርባው አስተኝታችሁ ለጥቂት ደቂቃ ከክፍሉ ውጡ፤ ሰው ጥሩ። በንዴት ሕፃንን መናጥ ብቻውን አንጎሉን ሊያደማ እንደሚችል እንግሊዛዊው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ኖርማን ጉትኬልች ከጻፈ ከ1971 ጀምሮ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ያለቀሰ ልጅ አይሞትም፤ የተናጠ ግን ሊሞት ይችላል።

ለሌሎቻችን ደግሞ፣ ግድግዳ ተሻግሮ የሚሰማውን ለቅሶ ሰምተን ትራስ ጆሯችን ላይ ለምንጭን፣ ነገ ጠዋት በሩን እናንኳኳ። ገንፎ ባንችል ዳቦ ይዘን። «አንድ ሰዓት ልያዝልሽ፣ አንቺ ተኚ» ማለት አዋጅ አይጠይቅም።

የአባትነት ፈቃድ ግን አዋጅ ይጠይቃል። ለቤት ሠራተኛዋም እንዲሁ። ፖለቲካ አልጽፍም ብዬ ነበር አይደል?

ቸር እንሰንብት።